ከአፍ ላይ የወረደ ጋቢ

ሐይፋ፣ ሀዳር፤ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለአያ አዳሙ፣

ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎስ ተሻለዎት? ወደ እስራኤል የመምጫ ወረፋዎስ ምን ላይ ደረሰ?

ስልክ ለምን እንደማላነሣ ልጄን ሽሎሚትን ጠይቀዋታል። ተቀይሜ አይደለም። ሳነሣው የእርስዎ ድምፅ መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ቃሉ ግን በወንፊት እንዳለፈ ዱቄት ተበታትኖ ነው የሚደርሰኝ። "እሺ፣ እሺ" ስልዎት የከረምሁት ያልሰማሁትን ነው። አንድ ቀን በ"እሺ" ሱቄን እንዳልሸጠው ብዬ ተውሁት። ከእንግዲህ እጽፍልዎታለሁ። ሽሎሚት ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ትልክልዎታለች፤ እርስዎም ኔትዎርክ በመጣ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያትምልዎት። እኔ የምልከውን ሁሉ በውሎ ደብተሬ ገልብጬ ስለማስቀር ቢጠፋም አይጨነቁ።

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ድምፁን የቀነሰ መሰለኝ። ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ የማያቋርጥ ጩኸት አለ፤ የሱቁ ማቀዝቀዣ ሲሠራ እንደሚያሰማው ዓይነት። ማቀዝቀዣውን ሁለት ጊዜ አሠርቼዋለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ሠራተኛው ከግድግዳው ነቅሎት፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው ብሎ ሲምልልኝ ጩኸቱ አልቆመም። የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ባለፈው መከር ደግሞ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሲረን ሲጮኽ እኔ ቁጭ ብዬ በርበሬ እመዝን ነበር። ሽሎሚት ከመጠለያው ደረጃ ተመልሳ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከዚያ ወዲህ ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሄደሽ ካልታየሽ ብላ መቀመጫ ነሥታኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሽሎሚት ልታገባ ነው። ልጁ ጋል ይባላል፤ የኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ልጅ ነው፣ ነሸር ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል። ከሰንበት ማግስት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ መጡ። አባቷ ነፍሱን ይማርና የትግራይ ሰው ስለነበር በእሱ በኩል የሚገናኝ የለም ተብሎ ታለፈ። በእኔ በኩል ግን እነሱም እኛም የወገራ ሰዎች ነን፤ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እዚህ አገር የእኛን ዘር የምቆጥረው እኔ መሆኔን ያውቃሉ።

የጋል አያት አባ ይርዳው ጨዋ ሰው ናቸው። ችግሩም ይኸው ጨዋነታቸው ነው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ በዝግታ ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ዛሬ ዛሬ የሰውን ቃል ግማሹን ከከንፈሩ ላይ ነው የምለቅመው፤ ጋቢ ውስጥ ያለ ከንፈር ምን ይለቀማል? ገና ምርቃት ላይ ናቸው ብዬ አሜን እያልሁ ስጠብቅ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ እልል ተባለ። ቆጠራው አለቀ ተባልሁ። አንድ ስም አልሰማሁም፤ ዝምታዬ ግን እንደ ስምምነት ተያዘ።

ተመራርቆ የተነሣን እንግዳ ከበር አይመልሱትም፤ አልመለስሁትም። ነገር ግን ሳልሰማ ልጄን አልድርም። ከአባታችን ከፈረደ በላይ መርሻን፣ ከዚያ ካሣን፣ ከዚያ ጓንጉልን አውቃለሁ። ከጓንጉል በላይ ያለውን እርስዎ ይዘዋል። ስሞቹን በተራ ጽፈው ይላኩልኝ።

ታናሽዎ አስካለች


ጎንደር፤ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአስካለች፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ አለን። ጽሕፈትሽ እንደ ልጅነትሽ ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ተሰልፎ ወፍጮ ቤት የቆመ ይመስላል። በወገቤ አትጨነቂ። ስለ ወረፋዬ የጠየቅሽውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

በሽሎሚት ደስ ብሎኛል። ያለቀ ነገር ግን አትቀስቅሺ። ሽማግሌ አለቀ ካለ አልቋል። እንደገና ቁጠሩልኝ ማለት ዋሽታችኋል ማለት ነው፤ ስንቱ ጋብቻ በዚህ ተበትኗል።

የጆሮሽንም ነገር ሠርጉ እስኪያልፍ ደብቂው። አባታችንን አስታውሺ። ጆሮውን የወሰደው መዶሻ ነው፤ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ምን ይሰማል? አገሩ ግን እነ ፈረደ ዘራቸው ደንቆሮነት አለበት አለ። ሸንጎ ሲቀመጡ እሱን ጥግ ያስቀምጡት ነበር፤ ሲስቁ ይስቃል፣ በምን እንደሚስቁ ሳያውቅ። አንቺም ሽሎሚት የነገረችኝን የጆሮ መሣሪያ ሰክተሽ አማቾችሽ ፊት ብትቀርቢ ገና ያልተወለዱትን የሽሎሚትን ልጆች ጆሮ መመርመር ይጀምራሉ።

እዚህ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል። ሽምብራው ጥሩ ይዞ ነበር፤ ያለ ጊዜው የጣለው ዝናብ ትንሽ ጎዳው።

ወንድምሽ አዳሙ


ከውሎ ደብተሬ፤ የካቲት 3

አያ አዳሙ ስሞቹን አልጻፉም። ዋጋ ሲጠየቅ ስለ ዝናብ የሚያወራ ነጋዴ ከባንኮኒው ሥር የሚደብቀው ዕቃ አለው። አልጫናቸውም። በሌላው በር እሞክራለሁ።


ሐይፋ፤ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አዳሙ፣

አዎ፣ የጆሮ መሣሪያውን አድርጌዋለሁ። በሽሎሚት በኩል ያምሻል ወይ ላሉኝ፣ አያምም፤ ይበላል እንጂ። በምን ይሠራል ላሉኝ፣ ማታ ማታ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል።

ኖፊት የምትባል ባለሙያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጋችብኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዘችኝ። ምንም በሌለበትም ተጫንሁ፤ የራሴን ጩኸት እየሰማሁ። ስወጣ በአንቺ ቤት ሙዚቃው አልቆመም ማለት ነው ብላ ሳቀችብኝ። የጠፋብኝ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የሴት፣ የሕፃን፣ የሹክሹክታ። ጩኸቱን መሣሪያው አያጠፋውም፤ የውጭው ድምፅ ሲሞላ ግን ወደ ኋላ ይላል አለችኝ። እውነቷን ነው። እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ ቤቱን አይለቅም፣ ሰው ሲበዛ ግን አደብ ይገዛል።

መጀመሪያ መከራ ነበር። የፌስታል ድምፅ እንደ እሳት ይንጣጣል። ከካርሜል ተራራ የሚወርደው አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚቆም ይመስለኛል። የራሴ ድምፅ እንስራ ውስጥ ገብቼ እንደማወራ ነው። አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት፤ አደረና አወጣሁት። ጫማም እስኪላመድ ይነክሳል።

ደብቂው ያሉኝን አስቤበታለሁ። ዕድሜዬን ነጠላ ስሸጥ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ጥለቱ ላይ እንከን ያለበትን ነጠላ ዘርግቼ፣ እንከኑን በጣቴ አሳይቼ የሸጥሁት አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣም። አጣጥፌ የሸጥሁት ግን ከነአክስት ከነአጎት ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ ሻሼን ከጆሮዬ በላይ ማሰር ጀመርሁ። ሽሎሚት "እማ፣ ቢያንስ ለሠርጉ ሸፍኚው" አለችኝ። "መጀመሪያ ሠርግ መኖሩን ልስማበት" አልኋት።

ከዚያ ብቻዬን ኔቬ ዮሴፍ ወጣሁ። የጋል እናት ሃዳሳ አስገባችኝ። አባ ይርዳው እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ስበው፣ መሬት መሬቱን እያዩ ጤናዬን ጠየቁኝ፤ ማለቴ የጠየቁኝ ይመስለኛል። ቆረጥሁና ተናገርሁ።

"አባ፣ ጋቢዎን ከአፍዎ ዝቅ ያድርጉልኝ። ጆሮዬ አይሰማም፤ ከንፈር አይቼ ነው የምረዳው።"

ሃዳሳ ሻዩን እንደያዘች ቆመች። ሽማግሌን አፍህን ግለጥ ያለች ሴት በዘመናችንም አልሰማን። እሳቸው ግን ቀና ብለው ጆሮዬን፣ መሣሪያዬን አዩና ጋቢውን ቀስ ብለው አወረዱት።

"የቀረችኝ አንዲት ጥርስ ናት" አሉ። "እሷን ለማየት ከሆነ የመጣሽው፣ እነኋት።"

ከሳቅሁ በኋላ ጠየቅሁ፤ ያን ዕለት የቆጠረው ማን ነበር አልሁ። መልሳቸውን እንዳሉት ልጻፍልዎ።

"አንቺ ነሻ። ዘርሽን የምትቆጥሪ መስሎኝ ዝም አልሁ። ድምፅሽ ቀጭን ነው፣ አልያዝሁትም። ሰው ቤት ተቀምጦ እመቤቲቱን ድገሚልኝ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ አሜን አልሁ።"

አዩ? እኔ የእሳቸውን ቆጠራ ስጠብቅ፣ እሳቸው የእኔን ሲጠብቁ፣ ሁለታችንም ለማይሰማ ነገር አሜን ስንባባል ዋልን። አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሎች ደግሞ የምንንሾካሾክ መስሏቸው ከጨዋነት ብዛት ጆሮአቸውን መልሰዋል። ማንም አልቆጠረም፣ አያ አዳሙ። ስለዚህ ዋሸህ የሚባል የለም፤ የሚቀየምም የለም። ከመጪው ሰንበት በኋላ በእኔ ቤት እንደገና እንቀመጣለን። ስሞቹን ይላኩልኝ።

ታናሽዎ አስካለች


ሐይፋ፤ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አዳሙ፣

ደብዳቤዎ አልመጣም። መንገዱ ይሁን ሌላ፣ አልጠይቅም። ተቀምጠናል፤ የሆነውን ልንገርዎ።

ሁሉንም ፊታቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን እንዲሆን አድርጌ አስቀመጥኋቸው። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ፣ ማቀዝቀዣው ተነቀለ። አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ ጋቢም ነጠላም ከአፍ ይወርዳል አልሁ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ፍርድ ቤት መሰለ ብለው አጉረመረሙ፤ ሰማኋቸው። መስማቴን ሲያውቁ ደነገጡ።

አባ ይርዳው ጀመሩ። ጋል፣ አባቱ አሎን፣ እሳቸው ይርዳው፣ አባታቸው ውቤ፣ የውቤ አባት ደስታ። እያንዳንዱ ስም ተቆርሶ እጄ ላይ እንደተቀመጠ ያህል ጠራ ብሎ ደረሰኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ፣

"ደስታ የጓንጉል" አሉ።

ሽሎሚት እኔን አየችኝ። ከእኔ ቆጠራ ብዙ የምታውቀው አልነበራትም፤ ያን ስም ግን ታውቀዋለች።

የእኔ ተራ ሆነና ቆጠርሁ። አልደበቅሁም። ሽሎሚት፣ አስካለች፣ ፈረደ፣ መርሻ፣ ካሣ፣ ጓንጉል። የቱ ጓንጉል ብለው ጠየቁኝ። የወገራው፣ ብረት ሠሪው፣ የግራ እጁ አውራ ጣት የሌለው አልኋቸው። የእኛም እሱ ነው አሉ።

በአምስተኛው ቤት ላይ መገናኘት ማለት ምን እንደሆነ ይገባዎታል። የሚጮኸው የእኔ ጆሮ ብቻ ነበር። ጋል፣ እኔ ይህን ጓንጉልን አግኝቼው አላውቅም ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ከዚያ የሽሎሚትን እጅ በሽማግሎቹ ፊት ያዘ፤ ማንም ልቀቅ አላለውም።

ግን አባ ይርዳው ግንባራቸውን ቋጥረው አንድ ነገር ተናገሩ። ጓንጉል ወንድ ልጅ የነበረው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አያቴ ደስታ ነው፤ ካሣ የሚባል ልጁን ከቶ አልሰማሁም አሉ። እኔም እስከ ፋሲካ ማግስት ጊዜ ስጡኝ አልሁ፤ የምጠይቀው ሰው አለኝ። ሰጡኝ።

አያ፣ ያለፈውን ደብዳቤዎን አውጥቼ ደግሜ አነበብሁት። አትቀስቅሺ ያሉኝ ለሽማግሌዎች ክብር ብለው አልነበረም። የሚያውቁት ነገር አለ። ሽሎሚት ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን አትወቅሰኝም፤ ያ ከወቀሳ ይብሳል። ሥራ ውላ ትመጣለች፣ ታጥባ ትተኛለች። ስለ ወገብዎ፣ ስለ ዝናቡ አይጻፉልኝ። ካሣ የጓንጉል ልጅ ነው ወይስ አይደለም?

አስካለች


ጎንደር፤ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

አይደለም።

ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀሁ እግዚአብሔር ያውቃል። የአባታችን አደራ ነበር፤ እሱም ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፣ ለወንድ ልጅ ይነገራል ብሎ።

በክፉ ቀን ነው። ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ጊዜ የጓንጉል ሚስት የምታጠባው ልጅ ሞተባት። በዚያው ሰሞን ከገበያ መንገድ ዳር ከሞተች ሴት ጎን ሕፃን ሲያለቅስ አገኘች። አንሥታ አጠባችው። መንደሩ የማን ዘር እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት ተደርጎ ቢል፣ ጓንጉል ራሱ በሃይማኖታችን የመንጻት ሥርዓት ተሸክሞ ወንዝ አወረደው፣ አጠለቀው፣ ታጥቦ ወጣ፤ ልጄ ነው አለ። በሞተው ምትክ ስለመጣ ካሣ አሉት። ደስታ የተወለደው ከዓመታት በኋላ ነው። ካሣ ጎልምሶ ሚስት ሲያገባ ወደ ሌላ መንደር ሄደ፤ የደስታ ልጆች አለማወቃቸውም ለዚህ ነው። መዶሻውን ከጓንጉል ወርሰናል፣ አስካለች፤ አጥንቱን ግን አይደለም። አባታችን ጥግ ላይ ባስቀመጡት ቁጥር፣ "እኔ የጓንጉል የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ" ይል ነበር። ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ስለ ወረፋዬ ያልነገርሁሽም ይኸው ነው። ስሜ ከተጠሪዎቹ ዝርዝር ላይ ወጥቷል፤ ከፋሲካ በኋላ ጉዞውን በሚወስኑት ፊት ቀርቤ ስለ ዘሬ እጠየቃለሁ። ስንት ዓመት የጠበቅሁትን አንቺ ታውቂያለሽ። ቅድመ አያታቸው ከመንገድ የተነሣ ነው የሚል ወሬ ከሐይፋ ተነሥቶ እዚህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ለዚህ ብዬ ስለ ሽምብራ ጻፍሁልሽ።

አሁን ወረቀቱ በእጅሽ ነው። ብታነቢላቸው አልቀየምሽም፤ ብትቀድጂውም አልቀየምሽም። የሽሎሚትን ፊት የምታይው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም።

ወንድምሽ አዳሙ


ከውሎ ደብተሬ፤ ሚያዝያ 6

ፋሲካ ገብቷል፤ ሱቅ ዝግ ነው። ሁለቱንም ጎን መዘንሁ። አያ አዳሙ የተመዘገቡት በእናታችን ዘር ነው፤ ካሣ በአባታችን በኩል ነው። ሆኖም በራሴ ግምት አልወስንም። የእሳቸውን ፋይል የሚያውቅ ሰው ጠይቄ፣ በጽሑፍ አስመልሼ አነበብሁት፤ በጆሮዬ አላመንሁም። የእናታችንን መስመር የሚነካ የለም። እንግዲያው ማፈር ብቻ ነው የቀረው። ማፈርን እችለዋለሁ።


ሐይፋ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአያ አዳሙ፣

አነበብሁላቸው።

ለሌላ ሰው አሳልፌ አልሰጠሁም። ቆሜ፣ ነጠላዬን ከአፌ አውርጄ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ "አይደለም" ከሚለው ጀምሬ ገበያው መንገድ ድረስ፣ ወንዙም ድረስ። ስለ ወረፋዎ ያለውን አላነበብሁም፤ እሱ የእርስዎ ነው። አይሥጉ፣ ጠይቄአለሁ፤ መልሱን ከዚህ ጋር ሽሎሚት ትልክልዎታለች። የሚጠይቁዎት ስለ እናታችን ነው። አንገትዎን ሳይደፉ፣ ጮክ ብለው ይመልሱ።

ሳነብ ማንንም አላየሁም። ስጨርስ ቀና አልሁ። ያ አጉረምራሚ ሽማግሌ፣ ጡትም ዘር ነው፣ ካሣ የጓንጉልን ቤት ጡት ጠብቷል ብለው ተነሡ። ወዲያና ወዲህ ተባለ። አሁን ሁሉንም እሰማለሁ፤ አንዳንዴ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር። አንዱ፣ ከመንገድ የተነሣ እንዴት ይቆጠራል አለ። ሌላው የአባታችንን ጆሮ አነሣ። ሃዳሳ የእኔን ጆሮ አየችና ዓይኗን መለሰች። እዚህ ላይ ይሆናል ያሉኝ ሁሉ ሆነ፤ አልተሳሳቱም።

እኔ ግን እንከኑን ዘርግቼ ነበር የመጣሁት። የአባቴ ጆሮ በመዶሻ እንደሄደ፣ የእኔ ለምን እንደሄደ ሐኪምም በትክክል እንደማያውቅ፣ የሽሎሚት ጆሮ ተመርምሮ ደህና እንደሆነ ነገርኋቸው። የሚገዛ ይግዛ፣ የሚተው አሁን ይተው፤ ከሠርግ በኋላ የሚመለስ ዕቃ የለኝም አልሁ። ጋል ከወንበሩ ብድግ አለና በዕብራይስጥ፣ እኔ ወስጃለሁ አለ። ሽሎሚት፣ ጋል፣ ዳይ፣ በቃ፣ ቁጭ በል ብላ ጎተተችው፤ ከስንት ሳምንት በኋላ ስትስቅ አየኋት።

ከዚያ አባ ይርዳው እጃቸውን አነሡ። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።

"ጡት ይከበራል፤ የሚቆጠረው ግን አጥንት ነው" አሉ። "ጓንጉል ያን ልጅ ተሸክሞ ወንዝ ሲወርድ ማን ነህ ብሎ አልጠየቀውም። እኔ ከጓንጉል በልጬ አልጠይቅም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ግን ሕጉ ሕግ ነው፤ ቆጠራው ይሙላ። ከካሣ በላይ ማንን ትቆጥሪያለሽ?"

"ማንንም" አልኋቸው። "የእኛ ቤት ከገበያ መንገድ ይጀምራል። ለነጋዴ አያሳፍርም።"

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ በዚያች አንዲት ጥርስ። ከዚያ የማይታወቅ አይከለክልም አሉና መረቁ። ምርቃቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አሜን ያልሁትም በየቦታው ነበር። ሠርጉ ከሻቩኦት በዓል በኋላ ነው።

ሲወጡ አባ ይርዳው በር ላይ ወደኋላ ቀሩና፣ ይህ ነገር ለወንድም ይሆናል ወይ ብለው ጆሮዬን በጣታቸው ጠቆሙ። ኖፊት ዘንድ ቀጠሮ አስይዤላቸዋለሁ። ፌስታል አታስነኪያቸው ብዬ ለሃዳሳ ከወዲሁ ነግሬአታለሁ።

ስለ አባታችን አንድ ነገር ልበል። እሱ በማያውቀው ነገር እየሳቀ ጥግ የኖረው ማንም ጋቢውን ዝቅ ስላላደረገለት ነው። የጠየቀም አልነበረም። በሠርጉ ቀን ስሙ ሲጠራ፣ ፈረደ የመርሻ፣ መርሻ የካሣ ተብሎ ይጠራል፤ እዚያ ላይ ይቆማል። ለእኔ ይበቃኛል። ለእርስዎም ይብቃዎት።

ኖፊት መሣሪያውን ከስልኬ ጋር አገናኝታዋለች፤ የሚደውል ሰው ድምፅ ቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ተጠይቀው በወጡበት ቀን ይደውሉልኝ። ጩኸቱም ከእኛ ጋር ሆኖ ያዳምጣል፤ ምን ይደረግ። ያልሰማሁት ካለ ግን ከእንግዲህ እሺ አልልዎትም፤ ይድገሙልኝ እላለሁ። እርስዎም ጋቢዎን ከአፍዎ ዝቅ አድርገው ይናገሩ።

የምትሰማዎ እህትዎ
አስካለች